ለእናቷ ያልነገረችው ደብዳቤ

ባለፈው መጋቢት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ የቅበላ ደብዳቤ ነበር። ላቅፋት ብድግ ካልኩ በኋላ ቀኑን አየሁት፤ ደብዳቤው ከደረሳት አሥራ ሁለት ቀን አልፎታል። «እናትሽ ምን አሉ?» ስላት አንገቷን ደፋች። አልነገረቻቸውም። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ጠዋት ታናናሾቿን አለባብሳ ትምህርት ቤት ስትሸኝ፣ ማታ ከእናቷ ጎን ቆማ እራት ስትሠራ፣ ያን የሚያህል የምሥራች በውስጧ ይዛ ቆይታለች። ምክንያቱን ስጠይቃት ጥቂት አሰበችና «ስነግራት የምትሰማው ማለፌን ሳይሆን መሄዴን ነው» አለችኝ።

ያ መልስ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ ላቲና፣ ማለትም ቤተሰባቸው ከላቲን አሜሪካ ስለመጣ ልጃገረዶችና ስለ ኮሌጅ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚባለው፣ ልጆቹ ለራሳቸው የሚመኙት ዝቅ ያለ እንደሆነና አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ «ትችላላችሁ» ሊላቸው እንደሚገባ ነው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ወደ እኔ የሚመጡት ልጆች እንደሚችሉ ያውቃሉ። እንቅልፍ የሚነሣቸው እነርሱ ሲሄዱ ቤታቸው ምን ያህል እንደሚጎድል ማሰቡ ነው፤ ለዚህ ጭንቀት ደግሞ የመድረክ ንግግር መልስ አይሆነውም።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ግን፣ ዘጠኝ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ በሜሪላንድ ላንግሊ ፓርክ በሚባለው ሰፈር በአንድ አዳራሽ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የኮሌጅ ማመልከቻ ሲሞሉ እረዳለሁ። አብዛኞቹ ወላጆቻቸው ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላና ከሆንዱራስ የመጡ ልጃገረዶች ናቸው። ሰፈሩን የሚያቋርጠው ሰፊ ጎዳና ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ ይባላል። ያንን ጎዳና ይዞ ወደ ምሥራቅ የነዳ ሰው ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ግቢ ይደርሳል። ሆኖም ተወልደው ያደጉት በዚህ ጎዳና ዳር ሆኖ ሳለ የግቢውን ሣር አንድም ቀን ረግጠው የማያውቁ ልጆች አጋጥመውኛል። አንዷ «የጎዳና ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር» ብላኛለች፤ ስትናገረው ምንም የተለየ ነገር እንደተናገረች አልተሰማትም፤ እኔን ግን ሌሊቱን ሲያንገበግበኝ አደረ።

እኛ ሐበሾች ይህን አካባቢ በሚገባ እናውቀዋለን። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እንጀራ ገዝቶ የሚመለስ ሰው ፑፑሳ የሚባለው የኤል ሳልቫዶር ቂጣ በሚጠበስበት ቤት በኩል ማለፉ አይቀርም። ሁለቱ ስደቶች የመጡትም በተቀራረበ ዘመን ነው። ብዙዎቹ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ወደ ዋሽንግተን ዙሪያ የገፋቸው እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ የእኛም ሰው በብዛት መሰደድ የጀመረው በደርግ ዘመን ነው። በአንድ ሕንፃ ኖረን፣ በአንድ ማጠቢያ ክፍል ልብሳችንን አጥበን፣ በአንድ አውቶቡስ ለሥራ ወጥተናል። እኔም ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በዚያው ሕንፃ በር ነው።

አሜሪካ የመጣሁት በ17 ዓመቴ ነው። የምንኖረው ሎንግ ብራንች በሚባለው የሲልቨር ስፕሪንግ ሰፈር ሲሆን እናቴ ማታ ማታ ቢሮ ታጸዳ ነበር። አብረዋት የሚያጸዱት የኤል ሳልቫዶር ሴት ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ይኖሩ ነበር። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ከአርባ የማይበልጥ የእንግሊዝኛ ቃል ይዘው ግን ለዓመታት ሲጨዋወቱ ኖረዋል። እኔም እንደ አገራቸው ልማድ «ዶኛ» እያልኩ እጠራቸው ነበር፤ «እመቤት» እንደማለት ነው፤ እርሳቸው ደግሞ «ሚሃ» ይሉኛል፤ «ልጄ» ማለት ነው። ለታላላቅ ሰዎች «ኡስቴድ» እንደሚባል ሲያስረዱኝ «አንቱ» መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

ትምህርት ልጨርስ ወራት ሲቀሩኝ የትምህርት ቤቴ አማካሪ ወረቀቴን አገላብጠው አዩና እንግሊዝኛዬ ለኮሌጅ እንደማይበቃ፣ የሚሻለኝ አጭር የእጅ ሙያ ተምሬ ሥራ መያዝ እንደሆነ ነገሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ያንን ጊዜ ሳስታውስ ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ያ ልስላሴ ነው። ለእናቴ ስነግራት ምንም አላለችም፤ ማታ ወደ ሥራ ስትሄድ ግን ለዶኛ ነግራቸው ኖሯል። በሦስተኛው ቀን ዶኛ በጠዋት በራችንን አንኳኩ። የቀን ሥራቸውን ያለ ደመወዝ አስቀርተው፣ ኋላው በባልዲና በመወልወያ የተሞላ መኪናቸውን አስነሥተው፣ የሞንትጎመሪ ኮሌጅ የታኮማ ፓርክ ግቢ ድረስ ወሰዱኝ። እርሳቸው ራሳቸው የተማሩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ቅጹን ማንበብ አልቻሉም፤ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ግን ቀድመውኝ ጠጋ ብለው ለጸሐፊዋ በዚያች በጥቂት እንግሊዝኛቸው «ይህች ልጅ መማር ትፈልጋለች» አሉ። ከዚያም የቋንቋ መመዘኛ ፈተናውን ተፈትኜ እስክወጣ ድረስ አራት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ።

ማበረታታት የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ ወንበር ነው።

ስለ ቃላት ካነሣሁ አይቀር፣ ከእነዚህ ቤተሰቦች ጋር የተማርኩትን አንድ ነገር ልናገር። በስፓኒሽ «ኮሌሂዮ» ማለት በብዛት ልጆች ከታች ጀምሮ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ልጅቷ በእንግሊዝኛ «ኮሌጅ መግባት እፈልጋለሁ» ስትል የእናቷ ጆሮ ያን የለመደውን ቃል ሊሰማ ይችላል፤ «አሁንስ ትምህርት ቤት አይደለሽም ወይ?» ብለው የጠየቁ እናት አጋጥመውኛል። የእኛም እናቶች በሌላ አቅጣጫ ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል፤ አገር ቤት ኮሌጅ ሲባል ዩኒቨርሲቲ ያልመጣለት ተማሪ የሚገባበት ተደርጎ ስለሚታሰብ፣ ልጃቸው «ኮሌጅ ገባሁ» ስትላቸው ቅር የሚላቸው አሉ። ሌላው ቃል «ኤዱካሲዮን» ነው። ትርጉሙ ትምህርት ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ ሲነገር ከሁሉ በፊት የሚያመለክተው አስተዳደግን ነው፤ «ቢየን ኤዱካዳ» የተባለች ልጅ ሰው አክባሪ፣ ለእናቷ ታዛዥ፣ እንግዳ የምትቀበል ናት። እኛ «ጨዋ» የምንላት ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ግን «ጨዋ» በቤተ ክህነት አነጋገር ያልተማረ ሰው ማለትም ነው። ለእነርሱ ጨዋነትና ትምህርት አንድ ቃል ሆነው ሲኖሩ፣ ለእኛ ያው ጨዋ የሚለው ቃል በሌላ ፊቱ መሃይም ማለት ሆኖ መገኘቱ ይገርመኛል። ይህን ካወቅሁ በኋላ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። እናቲቱ ልጇን ለአሥራ ስምንት ዓመት ስታስተምራት ኖራለች። እኔ መጥቼ «ልጅሽ መማር አለባት» ስላት፣ እስከ ዛሬ እርሷ ያስተማረቻት እንደማይቆጠር አድርጋ ብትሰማው ልትወቀስ አይገባም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ አልገባኝም ነበር። ልጆቹን ለብቻቸው አስቀምጬ «ስለ ራስሽ አስቢ፤ የራስሽን ሕይወት ኑሪ» እላቸው ነበር። አንዲት የጓቲማላ ቤተሰብ ልጅ፣ ሒሳብ ላይ እጅግ ጎበዝ የነበረች፣ ይህን ካልኳት ሐሙስ በኋላ ተመልሳ አልመጣችም። ከወራት በኋላ መንገድ ላይ አግኝቻት ለምን እንደቀረች ስጠይቃት፣ «እናቴን እንድተዋት የነገርሽኝ መሰለኝ» አለችኝ። ምንም ልመልስላት አልቻልኩም፤ በእርግጥም ያንኑ ነበር የነገርኳት። የመጀመሪያ ሴት ልጅ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ሁለተኛ እናት ናት፤ ሕፃናቱን ከትምህርት ቤት ታመጣለች፣ ከባንክና ከመብራት ኃይል የመጣውን ደብዳቤ ታነባለች፣ ሐኪም ቤት ታስተረጉማለች። «ስለ ራስሽ አስቢ» ማለት ለእርሷ ከቤቱ አንዱን ምሰሶ ንቀይ እንደማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ከእናቷ ለይቼ ማማከር ትቻለሁ። እናቶቹ እንዲመጡ እጠይቃለሁ፤ መምጣት ካልቻሉ ቤታቸው እሄዳለሁ።

እናቶቹ ሲመጡ የሚጠይቁትን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ስለ ትምህርት መስክና ስለ ዩኒቨርሲቲው ዝና የሚጠይቁ ጥቂቶች ናቸው። የሚጠይቁት ዶርሙ ውስጥ ወንዶች አብረው ይኖሩ እንደሆነ፣ ልጃቸው ብትታመም ማን እንደሚያስታምማት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳት ሰው ይኖር እንደሆነ፣ ምን እንደምትበላ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ የሚያይ አማካሪ አይቻለሁ። የእኔም እናት አንድ ሳታስቀር ጠይቃቸዋለች። ለእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ አለ፤ በር የሚቆለፍበት ሰዓት፣ የግቢው ክሊኒክ፣ ለሴቶች ብቻ የተለየ ፎቅ መኖር አለመኖሩ፣ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ። መልሱን ካላወቅሁ እዚያው እናቲቱ ፊት ስልክ ደውዬ እጠይቃለሁ። እናቲቱ ልጇን ለማን እንደምትሰጥ ስታውቅ ፊቷ ሲለወጥ ማየት የዚህ ሥራ ትልቁ ደመወዝ ነው።

ከእናቶቹ ጋር ስቀመጥ የሦስት ሴቶችን ታሪክ አነሣለሁ። የመጀመሪያዋ ሂልዳ ሶሊስ ናት። አባቷ ከሜክሲኮ፣ እናቷ ከኒካራጓ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ ያደገችው ሎስ አንጀለስ አጠገብ በላ ፑዌንቴ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረ አማካሪ ልጅቷ ለኮሌጅ እንደማትሆንና ጸሐፊ ብትሆን እንደሚሻላት ለቤተሰቧ እንደነገራቸው ራሷ በአደባባይ ደጋግማ ተናግራለች። ሌላ አማካሪ ግን ማመልከቻውን እንድትሞላ ረዳት፤ በ1979 ከካል ፖሊ ፖሞና ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች፤ በ2009 የዩናይትድ ስቴትስ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች። በአገሪቱ ካቢኔ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ላቲና እርሷ ናት። ይህን ታሪክ ሳወራ የራሴን አማካሪ ድምፅ እየሰማሁ ስለሆነ ጉሮሮዬ ይያዛል።

ሁለተኛዋ ኤለን ኦቾአ ናት፤ በ1993 በዲስከቨሪ መንኮራኩር ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ላቲና። የእርሷን ታሪክ የምወደው በጠፈሩ ምክንያት ብቻ አይደለም። እናቷ አምስት ልጆች እያሳደጉ፣ አንዳንድ ትምህርት ብቻ እየወሰዱ፣ ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶባቸው ዲግሪያቸውን የጨረሱ ሴት ናቸው። ኤለን ራሷ ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ የስታንፎርድ የትምህርት ዕድል ቢቀርብላትም ከእናቷና ከወንድሞቿ ላለመራቅ ሳንዲያጎ ስቴትን መረጠች፤ በ1980 በፊዚክስ ተመረቀች፤ ስታንፎርድ በኋላ ለማስተርስና ለዶክትሬት ገባች፤ ከ2013 እስከ 2018 ደግሞ ሂውስተን የሚገኘውን የጆንሰን የጠፈር ማዕከል መርታለች። «ቤት አጠገብ ብማር ዕድሌ ይቀንሳል ወይ?» ለምትል ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ሦስተኛዋ የጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ናት፤ አባቷ የሞቱት ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ነው፤ እናቷ ነርስ ሆነው በብሮንክስ ሁለት ልጆች አሳደጉ፤ ልጆቹ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱም እርሳቸው ራሳቸው ሆስቶስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ ገብተው ተማሩ። ሶንያ በ1976 ከፕሪንስተን በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቃለች። ሦስቱንም ስናገር እናቶቹን አስቀድማለሁ፤ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው እናት ራሷን እንድታገኝበት ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ብዙ ቤት ተስፋው የሚቆረጠው አንድ ቁጥር በማየት ነው። እናት በልጇ ስልክ ላይ የዓመቱን ክፍያ ታያለች፤ በሁለት ሥራ ከምታገኘው ጋር ታስተያያለች፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የተጻፈው ዋጋና በእርግጥ የሚከፈለው ዋጋ የተለያዩ መሆናቸውን የሚነግራት ሰው የለም። ስለዚህ በሒሳብ ሠራተኛ ልማዴ ወረቀት አወጣለሁ፤ የተጻፈውን ዋጋ ከላይ አስቀምጬ የማይመለሰውን እርዳታ አንድ በአንድ እየቀነስኩ እወርዳለሁ። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል እርዳታ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ፣ የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነው። ብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለአውራጃቸው ነዋሪ የሚያስከፍሉት የዓመት ክፍያ ከዚህ ያነሰ ስለሆነ፣ ሙሉውን ያገኘች ልጅ ለመጽሐፍና ለአውቶቡስ የሚሆን ሊተርፋት ይችላል። ብድር ሌላ ዓምድ ውስጥ ይገባል፤ እርዳታና ብድር በአንድ ደብዳቤ ላይ ተደበላልቀው ሲመጡ የትኛው እንደሚመለስ ለይቶ ማሳየት ግዴታዬ እንደሆነ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ የሚጠየቀው ፋፍሳ በሚባለው ማመልከቻ ነው። ቅጹ ዘወትር የሚከፈተው በኦክቶበር ነው፤ በአዲስ መልክ የተዘጋጀው ግን በ2023 ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ዘግይቶ ወጣ፤ ሶሻል ሴኪውሪቲ የሚባለው የመንግሥት መለያ ቁጥር የሌላቸው ወላጆች ደግሞ የድርሻቸውን መሙላት ሳይችሉ ወራት አለፉ። በእነዚያ ወራት ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ያንኑ ገጽ ከፍተው ያንኑ የስሕተት ማስታወቂያ እያዩ የሚመለሱ ልጆች ነበሩኝ። እዚህ አገር የተወለዱ፣ መብቱ ያላቸው ዜጎች ናቸው። ወላጅ ቁጥር የሌለው መሆኑ ልጅቷን የእርዳታ መብቷን አያሳጣትም፤ ያ የጠፋ ጊዜ ግን ከአንዳንዶቹ ላይ አንድ ዓመት ወስዷል። ዛሬ ችግሩ ሌላ ነው፤ ወላጆች ስማቸውንና አድራሻቸውን ለመንግሥት በሚላክ ቅጽ ላይ ማስፈር ይፈራሉ። ፍርሃታቸውን አላቃልልም፤ እኔም የሕግ ባለሙያ አይደለሁምና «አትፍሩ፣ ፈርሙ» የማለት መብት የለኝም። ወደ ስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ እልካቸዋለሁ፤ ከተስማሙም አብሬያቸው እሄዳለሁ።

ወረቀት የሌላቸው ልጆች ጉዳይ ከሁሉ ይከብደኛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕላይለር በዶ ላይ በተባለው ክስ ጁን 15 ቀን 1982 በሰጠው ውሳኔ፣ ክፍለ ግዛቶች እነዚህን ልጆች ከመደበኛ ትምህርት ቤት እንዳያግዱ ከልክሏል። ውሳኔው የሚያደርሰው እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ልክ በሠላሳኛ ዓመቱ፣ ጁን 15 ቀን 2012፣ ዳካ የሚባለው፣ በልጅነታቸው መጥተው ወረቀት የሌላቸውን ወጣቶች ከመባረር ለጊዜው የሚከላከል የመንግሥት ፕሮግራም ታወጀና ብዙ ወጣቶች የሥራ ፈቃድ አገኙ። ዳካ ግን ከጁን 15 ቀን 2007 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የኖረን ሰው ብቻ የሚመለከት ስለሆነ፣ ዛሬ 17 ዓመት የሆናት ልጅ ያኔ ገና አልተወለደችም። ታላቅ እህቷን የረዳው በር ለእርሷ አልተሠራም። በሜሪላንድ በኩል በ2012 ኖቬምበር በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ ሕግ አለ፤ የተቀመጡትን መስፈርቶች፣ ከእነርሱም አንዱ የሆነውን የግብር ማስታወቅ ግዴታ፣ ያሟሉ ተማሪዎች ወረቀት ባይኖራቸውም የነዋሪ ክፍያ ብቻ እንዲከፍሉ ይፈቅዳል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ዛሬም አለ። ከ12ኛ ክፍል በፊት ቢሰሙት ኖሮ ግብራቸውን በጊዜ ያስተካክሉ ነበር፤ ስለዚህ አሁን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሬ መናገር ይዣለሁ።

ስለ ማመልከቻው ድርሰት አንድ ነገር ብቻ። «በሕይወቴ ምንም የተለየ ነገር አላጋጠመኝም» ያለችኝ ልጅ ነበረች። ስንጨዋወት፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ የእናቷን የሕመም ውጤት ከሐኪሙ አፍ ተቀብላ ለእናቷ በስፓኒሽ የነገረቻት እርሷ መሆኗን አወቅሁ። የትኛውን ቃል እንደምትመርጥ ግራ ገብቷት ለአፍታ ዝም እንዳለችና እናቷ ከዝምታዋ እንደተረዳች ነገረችኝ። «ይህንኑ ጻፊው» አልኳት፤ ጻፈችው። ከእኛም ልጆች ውስጥ ይህን የሚያውቁት ብዙ ናቸው።

ደብዳቤው መጥቶ፣ ገንዘቡ ተገኝቶ፣ እናት ፈቅዳም ገና አላለቀም። የትምህርት ባለሙያዎች «ሰመር ሜልት» የሚሉት ነገር አለ፤ ልጅቷ በሜይ እገባለሁ ብላ ትፈርማለች፤ በኦገስት ግን እንደ በረዶ ቀልጣ ትቀራለች። የሚያቀልጡት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ የክትባት ወረቀት፣ የዶርም መያዣ ክፍያ፣ የጤና ኢንሹራንስ ካለ ከክፍያው ነፃ የሚያደርግ ቅጽ፣ በማይከፈት ኢሜይል የሚመጣ ማሳሰቢያ። በእነዚያ ሦስት ወራት ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ አማካሪው ዕረፍት ላይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ገና አያውቃትም። ልጅቷ ደግሞ ሙሉ ቀን ሥራ ይዛ ቤቱን መርዳት ጀምራለች፤ የመጀመሪያው ደመወዝ ጣፋጭ ነው፤ «አንድ ዓመት ልሥራና እገባለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። እኔ በበኩሌ ጁላይን ከዓመቱ ሁሉ አስፈላጊው ወር አድርጌ እይዘዋለሁ፤ ዕረፍቴንም በዚያ ወር አልወስድም።

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ መረጃ ሁሉ በሠርግ፣ በማኅበር፣ በዕቁብ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ይተላለፋል። የአንዱ ልጅ የት እንደገባ፣ ስንት እንዳስከፈሉት፣ የትኛው ቅጽ እንዳስቸገረ እንሰማለን። አምና ልጁን ያስገባ ሰው ዘንድሮ ለሌላው ይነግራል። ብዙዎቹ የማውቃቸው የላንግሊ ፓርክ እናቶች በዘመዶቻቸውም በወዳጆቻቸውም መካከል በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው የላቸውም፤ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በአንድ ፎቅ እየኖርን፣ ልጆቻችን በአንድ ክፍል እየተማሩ፣ የምናውቀውን ኮሪደሩን አሻግረን አለመናገራችን ያሳዝነኛል። በሬን ያንኳኩት ዶኛ የእኔን ቋንቋ አይናገሩም ነበር።

ወደ ደብዳቤዋ ልጅ ልመለስ። በሚቀጥለው እሑድ ቤታቸው ሄድኩ፤ ልጅቷ ለምናኝ ነበር። እናቷ ፑፑሳ ሠርተው አቀረቡ፤ ከበላን በኋላ ልጅቷ በስፓኒሽ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። ዝም አሉ። ተነሥተው ሳህኖቹን አነሡ፤ ማጠቢያው ጋ ጀርባቸውን ሰጥተውን ረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ውኃው ይፈስሳል እንጂ ሳህን ሲታጠብ አይሰማም። ሲዞሩ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ የጠየቁት ግን «ድልድዩን አልፎ ነው?» ብለው ነው። የተቀበላት ሳልስበሪ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ወደዚያ ለመድረስ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን የሚሻገረውን፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ድልድይ ማለፍ አለ። እርሳቸው ያንን ድልድይ ተሻግረው አያውቁም። «አልፎ ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው አይቼው ልምጣ» አሉ። በኤፕሪል አንድ ቅዳሜ አብረን ሄድን፤ ድልድዩ ላይ ስንደርስ የልጃቸውን እጅ ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ግቢው ውስጥ ግን እያንዳንዱን በር ከፍተው አዩ፤ ወጥ ቤቱን፣ ክሊኒኩን፣ የልብስ ማጠቢያውን። ስንመለስ «ፕሪሜሮ ዲዮስ» አሉ። መጀመሪያ እግዚአብሔር እንደማለት ነው፤ እኛ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» በምንልበት ቦታ ይሉታል። በኦገስት ገባች። ታናሽ እህቷ አሁን ደብዳቤዎቹን ታነባለች፤ እርሷም በየእሑዱ በቪዲዮ እየደወለች የወንድሟን የቤት ሥራ ታያለች።

በዚህ ሳምንት አዲስ የመጡ ሁለት ልጆች አሉኝ። የአንደኛዋ ቅጽ ሁሉም ተሞልቶ የእናቷ ድርሻ ብቻ ቀርቷል። እናቷ ሐሙስ ከሥራ የሚወጡት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ አዳራሹ የሚዘጋው ሁለት ተኩል ላይ ስለሆነ ቁልፉን ከጥበቃው ተቀብያለሁ። ሲመጡ እንዲቀመጡበት አንድ ወንበር ከልጃቸው አጠገብ አስጠግቼ እጠብቃቸዋለሁ።